ገመዱን የያዘው እጅ

ሰው እጮኛውን የሚያውቅበት ብዙ መንገድ አለ። አንዱ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ሌላው ዓመት ሁለት ዓመት ይጠብቃል። እኔ ግን በምን ዕድሌ እንደሆነ እንጃ፣ እጮኛዬን ያሳወቀኝ ፏፏቴ ነው። ወደ ፏፏቴው የላከኝም ራሱ እጮኛዬ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ክልል በሆነችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ያኔ ከተማው ውስጥ አሮጌ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው ባሮ ወንዝና ሙቀቱ ብቻ ነበር። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ በሩ ላይ የተጻፈው ማዕረግ ቀለሙ ያልደረቀ። ጠዋት ተራ ባለሙያ ሆኖ ከቤቱ የወጣ ሰው ለምሳ ኃላፊ ሆኖ ይመለሳል። እኔ ነርስ ነኝ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ ብዙ ውኃ አንድ ላይ የማየው ለጥምቀት ብቻ የነበረ ሰው ነኝ። ጋምቤላ ስመደብ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እርጥብ አንሶላ ለብሼ እያለቀስኩ አሳለፍኩ። ከዚያ ለመድኩት። ለመድኩት ስል፣ ጊዜው በደረሰ ቁጥር ዝውውር እየጠየቅሁ መኖር ለመድኩ ማለቴ ነው።

ጌታነህን ያገኘሁት እዚያው ነው። እሱም እንደኔ ደገኛ፣ የጎጃም ሰው፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበር። ቁመናው ያማረ፣ አነጋገሩ የረጋ ነው። ስብሰባ ላይ ሲናገር የተኙት ይነቃሉ። ቤተ ክርስቲያን አብረን ስንሄድ ነጠላዬ ከትከሻዬ ሲንሸራተት እሱ ነበር የሚያስተካክልልኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። ጓደኞቼ ታድለሻል ይሉኛል። እኔም አላስተባብልም ነበር።

አንድ ቀን ጌታነህ ከአንድ መንገደኛ ፈረንጅ ጋር ሲጫወት ውሎ መጣ። ፈረንጁ የአገሩ ሰዎች ከፏፏቴ ላይ ለመዝለልና ከሥሩ ለመዋኘት ሲሉ ባሕር ተሻግረው እንደሚሄዱ፣ አስጎብኚ ይዘው ቀኑን ሙሉ ሲዘሉ እንደሚውሉ ነግሮታል። ጌታነህ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ችግሩ ጋምቤላ ከተማ ሜዳ ላይ ያለች ቆላ መሆኗ ነው፤ ወንዙ እንኳ የሚወድቅበት ቦታ አጥቶ ተጋድሞ ነው የሚሄደው። ፏፏቴ የሚገኘው በክልሉ ደጋ፣ መቲ አካባቢ ጫካ ውስጥ ነው። ወደዚያ የሚወስደው የመኪና መንገድ ደግሞ ከክልሉ ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ተመልሶ የሚገባ ነው። ቢሆንም «የአንድ ቀን የፏፏቴ ዝላይና የዋና ጉብኝት» ተብሎ ታቀደ። አንድ ቀን የተባለው መዝለያው ነው። መድረሻው አልተቆጠረም።

ፈረንጆች ከመምጣታቸው በፊት በራሳችን ሰው ይሞከር ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በዓይኔ ካላየሁ አሉ። አስጎብኚ እንዲሆን የተመረጠው ኡጁሉ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር፤ ባሮ ዳር የተወለደ አኙዋ፣ እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ ከበሮ የሚመታ፣ ስለ ዋና ሲያወራ አፉ የማይዘጋ ሰው። እኔ የተጨመርኩት ጌታነህ፣ ፈረንጅ ያለ ሐኪም አይዘልም ስላለ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኔን ይዤ፣ ከዚያ ሙቀት ለጥቂት ቀን በመውጣቴ ደስ እያለኝ ላንድክሩዘሩ ኋላ ተቀመጥኩ።

መቲ ስንገባ ብርዱ ፊቴን ሲዳስሰኝ አገሬ የደረስኩ መሰለኝ። ከደጋ የመጡት ሰፋሪዎች ቡናቸውን በየደጁ አስጥተዋል። እኔ ሹራቤን አውልቄ ስሄድ ኡጁሉ የሹፌሩን ካፖርት ተውሶ ምድጃ ሥር ተወሸቀ። በመንገድ ሁሉ ሲያወራ የመጣ ሰው ማታ ላይ ድምፁ አልተሰማም። ያኔ ልብ ያልኩት ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት በእግር ጫካ ገባን። መንገድ ሊያሳየን አብሮን የመጣው የአካባቢው ሰው የውኃው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ በእጁ ጠቁሞን ወደ ንብ ቀፎዎቹ ተመለሰ። ኃላፊው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የቆዳ ጫማ ተጫምተው ነበርና ጭቃው ላይ እንዳይወድቁ ጌታነህ ክንዳቸውን ይዞ ያወርዳቸዋል። እኔ ከኋላ ከነሣጥኔ እየተንሸራተትኩ እወርዳለሁ። ያኔም ልብ ያልኩት ነገር የለም።

ፏፏቴው ያምራል፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ጥቁር ዐለት ላይ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ከሥሩ አረንጓዴ ገንዳ ሠርቷል፣ ጉሙ ዛፎቹን ያረጥባል። ከመውረጃው ጎን እንደ በረንዳ ወጣ ያለ ድንጋይ አለ። ከዚያ ላይ ሆኖ ወደታች ያየ ሰው ሳያስበው ወደኋላ ይላል።

መጀመሪያ ኡጁሉ ዘለለ። እጁን ዘርግቶ፣ አየር ላይ ተገልብጦ፣ ውኃውን እንደ ቢላ ቀዶት ገባ። ኃላፊው አጨበጨቡ። ኡጁሉ ከወዲያ ማዶ ብቅ ብሎ ውኃው ጥሩ ነው ሲል ጥርሱ ይንገጫገጫል። ባሮ ሞቅ ያለ ውኃ ነው፤ ይሄ ግን የጫካ ውኃ ነበር።

ቀጥሎ ተረኛው ኃላፊው ነበሩ። ጌታነህ በትሕትና ጋበዛቸው። እሳቸውም የባሮ ልጅ ናቸውና ይዘላሉ ብለን ነበር። ሰውየው ወደታች ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ።

«እኔ ባሮን አውቃለሁ» አሉ። «ባሮ የሚሄድ ውኃ ነው። ይሄ የሚወድቅ ውኃ ነው። ከሚወድቅ ነገር ጋር አብሬ አልወድቅም። ይልቅ ሐሳቡ ያንተ አይደል፣ ጌታነህ? አንተ ዝለልና ልየው።»

ጌታነህን አየሁት። በዚያ ብርድ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ጤዛ ሠርቷል። ዋና አይችልም። ከአንድ ዓመት በላይ ስለ ሁሉም ነገር ስናወራ ይሄ አንድም ቀን አልተነሣም። እሱ ግን ስብሰባ የለመደ ሰው ነው፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ እኔ ብዘል ሐሳቡ የራሱ ስለሆነ ነው የዘለለው ይባላል። ሲስተር ብትዘል ግን ሴት ልጅ፣ ያውም ዋና የማታውቅ፣ በገመድ ታስራ ዘለለች ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚፈራ ጎብኚ አይኖርም።»

ሌላ ሲስተር ያለች መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ ነበር።

ወደ ጎን ወስዶ አነጋገረኝ። ይሄ ሙከራ ከተበላሸ ዕድገቱ እንደሚቀር፣ ዕድገቱ ከቀረ ተስፋ ያደረግነው ቤት እንደማይገኝ፣ ገመዱ አዲስ የናይለን ገመድ እንደሆነ፣ ኡጁሉም ከታች ሆኖ እንደሚቀበለኝ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገመዱን የምይዘው እኔ ነኝ። ነፍስሽ በእኔ እጅ ናት» አለኝ።

ለምን እሺ አልሽ ትሉኝ ይሆናል። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ደግሞም ከፋሲካ በኋላ ሊያገባኝ የተሰናዳ ሰው ከፋሲካ በፊት ገደል አይሰደኝም ብዬ አሰብኩ። ስሌቱ ያኔ ምንም ስሕተት አልታየኝም።

ኡጁሉ ነገሩን ሲሰማ ከውኃው ወጥቶ መጣ። አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የተማረው፤ ለሴትም ለወንድም «አንተ» ይላል። የእኔ አኙዋኛ ከሰላምታ ስላላለፈ አርሜው አላውቅም።

«ሲስተር፣ አንተ ዋና ትችላለህ?» አለኝ።

እንደማልችል ነገርኩት። ወደ ጌታነህ ዞሮ ይሄ ጥሩ አይደለም አለ። ጌታነህም የአስጎብኚ ሥራ ውኃ ውስጥ ሆኖ መቀበል እንጂ ውሳኔ መስጠት እንዳልሆነ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳው። ኡጁሉ ኃላፊውን አየ። ኃላፊው ጫማቸውን ያዩ ነበር። ስለዚህ ወርዶ ገንዳው ውስጥ ገባ።

ጌታነህ ገመዱን ወገቤ ላይ ቋጠረልኝ። ቋጠሮው ጥሩ ነበር፤ የሱን መልካምነት አልሸሽግም። ቀሚሴን ከጉልበቴ በላይ ጠቅልዬ፣ አማትቤ፣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆምኩ።

«ያዝከኝ?»

«ያዝኩሽ።»

ዘለልኩ።

ውኃ ለስላሳ ነው የሚል ሰው ከከፍታ ወድቆበት አያውቅም። እግሬን፣ ጎኔን፣ ጆሮዬን በአንድ ጊዜ መታኝና ዋጠኝ። ዓይኔን ገልጬ ገመዱ እስኪጎትተኝ ጠበቅሁ። አሁን ይጎትተኛል እላለሁ። አልጎተተኝም። ይልቅ አረፋው ውስጥ አንድ ሰማያዊ ነገር እየተጥመለመለ ከላይ ወደኔ ሲወርድ አየሁ። ገመዱ ነበር። እሱም ዘልሏል።

ከዚያ በኋላ ያለው የተቆራረጠ ነው። የሚወርደው ውኃ ጭንቅላቴን ወደታች ሲገፋው፣ ስገላበጥ፣ ላይና ታቹ ሲጠፋኝ፣ እናቴን ስጠራና አፌን ውኃ ሲሞላው። ድንገት ክንዴ ከዐለት ጋር ተላተመ። ጥፍሬ እስኪነቀል ቧጥጬ ያዝኩ። ጭንቅላቴ አየር አገኘ። ስሳብ፣ ስሳብ፣ አንድ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ወጥቼ በሆዴ ወደቅሁ።

የፏፏቴው ጀርባ ነበር። ከፊቴ የውኃ ግድግዳ፣ ከኋላዬ ጥቁር ዐለት። ጮኽኩ፤ ጩኸቴን በራሴም ጆሮ አልሰማሁትም። በውኃው ውስጥ ብርሃን ይታየኛል፣ ሰው ግን አይታየኝም። ማዶ ያሉት ሞታለች ብለው እንደሚያለቅሱ ገባኝ። የራስን ለቅሶ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ መጠበቅ ለማንም አይመኙትም። ሰውነቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪም ነኝና ብርድ ሰውን እንዴት እንደሚያስተኛና እንደማያስነሣ አውቃለሁ። ዕውቀቱ ምንም አልጠቀመኝም፤ ፍርሃቴን ብቻ ጨመረው።

ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ወገቤ ላይ የታሰረው ገመድ ሳብ ሲል ደነገጥኩ። ከእግሬ ሥር የኡጁሉ ራስ ብቅ አለ። ዓይኑ ደም መስሏል። እየጠለቀ ሲፈልገኝ ቆይቶ ሊተወኝ ሲል የገመዱን ጫፍ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ አገኘው፤ እሱን ተከትሎ መጣ። ጌታነህ ገመዱን አጥብቆ ይዞ ቢሆን ኖሮ ኡጁሉ የሚከተለው ጫፍ አይኖርም ነበር። ይሄን አስቤ ያኔ አልሳቅሁም። በኋላ ግን ሳቅሁ።

አጠገቤ ተቀምጦ አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ ያወራኝ ጀመር። መጀመሪያ የነገረኝ የሚያጽናና አልነበረም። በዕድሜው ከፏፏቴ ዘልሎ አያውቅም። የዘለለው ከባሮ ድልድይ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲጠይቀው ፏፏቴም ያው ውኃ ነው ብሎ እችላለሁ አለ። አሁን በዚህኛው ውኃ ሥር የማያውቀው ጉልበት አለ፤ መግባቱን ገብቷል፣ እንዴት እንደሚወጣ በደንብ አልገባውም። ያኔ ነው የሳቅሁት። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሳቅሁ፤ እሱም አብሮኝ ሳቀ። ከላይ ያቀደው ዋና አይችልም፣ ከታች ያለው ፏፏቴ አያውቅም፣ መሐል ላይ የተሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሳቃችን ሲያልቅ ሁለታችንም እየደነዘዝን መሆኑን አየን። ሌላ የሚመጣ ሰው የለም። ኡጁሉ ዐለቱን እየዳሰሰ ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ፣ እንደገና ወርዶ አንድ መንገድ አገኘ። ከግድግዳው ሥር በጥልቁ ከተሄደ የሚወርደው ውኃ አይመታም አለኝ። ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ፣ እግር እንዴት እንደሚመታ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አሳየኝ። የመጀመሪያ የዋና ትምህርቴ ያ ነው። ከዚያ የገመዱን ጫፍ በራሱ ወገብ ላይ አሰረ።

«እኔ ከቀረሁ አንተም ትቀራለህ። አንተ ከቀረህ እኔም እቀራለሁ» አለ። «ስለዚህ ማንም አይቀርም።»

አልገባም አልኩት። ቅድም ሰው ፊት እምቢ ማለት ያቃተኝ ሴትዮ፣ ማንም በሌለበት እምቢ ማለት ቻልኩ። ኡጁሉ አልለመነኝም፣ አልተቆጣኝም። ተቀምጦ ጠበቀኝ። እየተንቀጠቀጠ ይጠብቀኛል። ከንፈሩ ቀለሙ ሲለወጥ አየሁ። እሱን ሳይ ነው የተነሣሁት። ትንፋሼን ይዤ፣ ማንም ሂጂ ሳይለኝ፣ በራሴ እግር ወደዚያ ጥቁር ውኃ ገባሁ። እኔ ዘለልኩ የምለው ይሄኛውን ነው።

ወገቤ ሲሳብ፣ እጄ ግድግዳውን ሲዳስስ፣ ደረቴ ሊፈነዳ ሲል፣ ከገንዳው ታች ቁጥቋጦ ሥር ብቅ አልን። ሣር ይዘን ተሳብን። እንደተጋደምን የሰው ድምፅ ሰማን። ጌታነህና ኃላፊው ከቁጥቋጦው ወዲያ ነበሩ። ጌታነህ ያለቅሳል። የእውነት ለቅሶ ነበር፤ ይሄንንም አልሸሽግም።

«አትዝለይ ብያት ነበር፣ ጌታዬ» ይላል። «እርስዎ አልሰሙም እንጂ በጆሮዋ ነግሬያታለሁ። ግትር ናት። ገመዱንም እስከ መጨረሻው ይዤ ነበር፤ እጄን ልጦት ነው ያመለጠኝ።»

ስንነሣ መጀመሪያ ያዩን ኃላፊው ናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ከነሙሉ ልብሳቸው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ጌታነህ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። ቀኝ እጁን በመሐረብ ጠቅልሎታል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያች ደቂቃ ላይ አሳዘነኝ። ናይለን ገመድ ሲያመልጥ መዳፍን እንዴት እንደሚገፈው አውቃለሁ፤ የጉድጓድ ቆፋሪዎችን እጅ አክሜአለሁ። አትዝለይ ማለቱን ለኋላ ተውኩት። ሣጥኔን አምጡልኝ አልኩ። ውኃ እየተንጠባጠበብኝ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፣ አዮዲኑንና ፋሻውን አወጣሁ።

«እጅህን ስጠኝ» አልኩት።

እኔ እንደምብስ፣ የሱ ምንም እንዳልሆነ ነገረኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። እጁን ወደ ደረቱ ወሰደው።

«ጌታነህ፣ ይመግላል። ስጠኝ።»

መሐረቡን ራሴ ፈታሁት። የተጨበጡትን ጣቶች አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። መዳፉ ንጹሕ ነበር። መቅላት እንኳ አልቀላም። ግራውንም አየሁት፤ እሱም እንደዚያው። ገመዱ አላመለጠውም። ከመወጠሩ በፊት ተለቋል፤ ምናልባት እግሬ ድንጋዩን እንደለቀቀ። ኃላፊው አዩ። ኡጁሉ ፊቱን ወደ ፏፏቴው አዞረ።

«እጅህ ደህና ነው» አልኩትና የአዮዲኑን ክዳን ዘጋሁ።

በመንገድ ላይ አልተጣላንም። ጌታነህ ሙከራው ላይ የታዩትን ጠንካራ ጎኖች ለኃላፊው ሲያብራራ ጋምቤላ ደረስን። ቀለበቱን በሽማግሌ መለስኩ። ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ጠየቁኝ። እጁ ደህና ሆኖ ስለተገኘ ነው አልኳቸው። ልጅቷን ውኃው አእምሮዋን ነክቷታል ብለው ለእናቴ ነገሯት። እናቴ አለቀሰች፤ እንዲያ ያለ ትሑት ልጅ የት ይገኛል ብላ።

ሙከራው የተሳካ ነው ተባለ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ስለ አንዲት ጀግና የጤና ባለሙያ ተናግረው አስጨበጨቡልኝ። ጌታነህ ዕድገቱን አገኘ። ፈረንጆቹ ግን መንገዱን ሲሰሙ ቀሩ። ኡጁሉ ማስጎብኘቱን ትቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ባለቤቱ አሪየት፣ ባልዋን የሞት አፋፍ ያደረሰች ሴት ብላ ትጠላኛለች ስል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኩታ ተነሺ ወደ ባሮ እንውረድ አለችኝ። ሴቶቹ በሚታጠቡበት ዳርቻ፣ አዞ አይመጣበትም በሚባለው በኩል፣ ዋና አስተማረችኝ። የለመንኩት ዝውውር ሲፈቀድ እኔ ባሮን በግማሽ መሻገር ጀምሬ ነበር። ግማሹን ትቼ አልሄድም አልኩና ቀረሁ። ብዙ ዓመት ቀረሁ።

አንባብያን፣ ጌታነህን እንድትጠሉት አይደለም ይሄን ያወጋኋችሁ። በመልቀቁ አልፈርድበትም። ሰው ይፈራል፤ እጅም አንዳንዴ ባለቤቱን ሳያማክር ይከፈታል። «ፈርቼ ለቀቅሁሽ» ብሎኝ ቢሆን፣ እኔን አውቃለሁ፣ ይቅር ብዬው ከፋሲካ በኋላ እንጋባ ነበር። ይቅር ማለት ያልቻልኩት መሐረቡን ነው። እኔ ከውኃው ሥር ስታገል እሱ ቁስሉን ሲጠቀልል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ያዝኩሽ ሲለኝ አመሰግናለሁ፤ መዋኘቴን ግን አላቆምም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ አንድ ሠርግ ላይ ተገናኘን። ሸብቶ፣ ወፍሮ፣ ያው የረጋ አነጋገሩን ይዟል። ባለቤቱ አጠገቡ ናት፤ ፊቷ ደግነት የሞላበት ሴት። ስሜን ስትሰማ ሁለት እጄን ያዘች።

«አንቺ ነሽ? ከፏፏቴ ያወጣሽ?» አለችኝ። «እኔኮ ያን ታሪክ ሲነግረኝ ነው ልቤ የተረታው። ለሰው ነፍስ እንዲህ የሚሆን ወንድ ሌላ የት አገኛለሁ ብዬ ነው ያገባሁት።»

ጌታነህን አየሁት። ከንፈሩ ላይ ላብ ነበር። ዓይኑ ምን እንደሚለምነኝ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሴትየዋን አየኋት። በሠላሳ ዓመት ትዳር ላይ አዮዲን ይዞ መሄድ ምን ይጠቅማል?

«አዎ፣ እህቴ» አልኳት። «ገመዱን የያዘው እሱ ነበር።»

እሷ ጉንጬን ሳመችኝ። ጌታነህ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።